በሰንሰለት የሚሠራ የመረጃ ቋት ሬፕሊኬሽን፦ የመካከለኛው ሰርቨር ድርሻና የመዘግየት አለካክ

መግቢያ

አንድን የመረጃ ቋት በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ማኖር ሁለት ችግሮችን ያስከትላል። አንደኛው፣ ሰርቨሩ በተበላሸ ጊዜ አገልግሎቱ በሙሉ የሚቋረጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መረጃ የሚያስገቡትና መረጃ የሚጠይቁት ተጠቃሚዎች ሁሉ አንዱን ማሽን የሚሻሙ መሆናቸው ነው። ለሁለቱም ችግሮች ሲሠራበት የቆየው መፍትሔ በአንድ ሰርቨር ላይ የተደረገን ለውጥ በሌሎች ሰርቨሮች ላይ በተከታታይ መድገም ነው። ይህ ዘዴ በባለሙያዎች ዘንድ ሬፕሊኬሽን በመባል ይታወቃል።

የሬፕሊኬሽን ቀላሉ አደረጃጀት ሁሉም ቅጂዎች በቀጥታ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱበት ነው። የቅጂዎቹ ቁጥር ሲጨምር ወይም በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ መስመር ጠባብ ሲሆን ግን ሌላ አደረጃጀት ይመረጣል። ይኸውም አንዱ ቅጂ ከምንጩ ቀድቶ ለሚቀጥለው ቅጂ ራሱ ምንጭ የሚሆንበት የሰንሰለት አደረጃጀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ይሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰርቨሮች በዚህ መልክ ተያይዘው ነበር። አንድ ቀን ከሦስተኛው ሰርቨር የወጣ ሪፖርት በዋናው ሰርቨር ላይ ካለው መረጃ ጋር ሳይጣጣም ቀረ። የሦስተኛው ሰርቨር የሁኔታ መግለጫ ሲታይ ምንም ስሕተት አልነበረበትም፤ መዘግየቱም ዜሮ ሰከንድ እንደሆነ ያመለክት ነበር። ጉዳዩ ሲመረመር መካከለኛው ሰርቨር የደረሱትን ለውጦች መፈጸም ካቆመ ግማሽ ቀን እንዳለፈው ታወቀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሦስተኛው ሰርቨር የወጡት ሪፖርቶች ሁሉ በአሮጌ መረጃ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ሁኔታ ለምን እንደሚከሠት ማብራራትና ሰንሰለቱን ከመነሻው በትክክል ለማቋቋም የሚያስችሉ ነጥቦችን ማቅረብ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የእያንዳንዱ ማያያዣ ጤንነት የሰንሰለቱን ጤንነት አያረጋግጥም የሚል ነው። ስለሆነም ሰንሰለት መመዘን ያለበት ከመጀመሪያው ሰርቨር እስከ መጨረሻው ባለው ርቀት ነው። ማብራሪያው በዋናነት በማይኤስኪውኤል ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ልዩነቱ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ፖስትግረስኪውኤል በንጽጽር ይቀርባል።

የሰንሰለቱ አሠራር

በማይኤስኪውኤል ሬፕሊኬሽን አንድ ለውጥ ከምንጭ ወደ ቅጂ የሚደርሰው በሦስት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያ ምንጩ ሰርቨር አንድን ትራንዛክሽን ሲያጸድቅ ለውጡን ባይነሪ ሎግ በሚባለው የለውጥ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ በቅጂው ሰርቨር ላይ የሚሠራው ተቀባይ ትሬድ ከምንጩ ጋር ተገናኝቶ ይህን መዝገብ ይቀዳና ሪሌይ ሎግ በሚባል የራሱ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። በመጨረሻም አስፈጻሚው ትሬድ ሪሌይ ሎጉን እያነበበ ለውጡን በቅጂው ሠንጠረዦች ላይ ይፈጽማል። ተቀባዩና አስፈጻሚው አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ ራሱን ችሎ የሚሠራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች ለሚቀርበው ትንተና መሠረቱ ይህ ነው።

ለማብራሪያ ያህል ዋናው ግቢና አንድ ቅርንጫፍ ግቢ በተራራቁ ሁለት ከተሞች የሚገኙበትን ዩኒቨርሲቲ እናስብ። የሬጅስትራር የመረጃ ቋት በዋናው ግቢ ባለው የመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ይገኛል። በቅርንጫፉ ግቢ ደግሞ ለተማሪዎች ውጤት ማሳያ፣ ለትራንስክሪፕት ማተሚያና ለሪፖርት የሚያገለግሉ ሦስት ሰርቨሮች ያስፈልጋሉ እንበል። ሦስቱም በቀጥታ ከመጀመሪያው ሰርቨር ቢቀዱ እያንዳንዱ የባይነሪ ሎጉን ሙሉ ቅጂ ስለሚወስድ አንድ ዓይነት መረጃ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው መስመር ሦስት ጊዜ ያልፋል። በቅርንጫፉ ግቢ አንድ መካከለኛ ሰርቨር ቢኖርና ሦስቱ ከእርሱ ቢቀዱ ግን መረጃው በረጅሙ መስመር የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው ሰርቨር ሦስት ደንበኞችን ከማስተናገድ ይልቅ አንዱን ብቻ ያስተናግዳል።

በዚህ አደረጃጀት መካከለኛው ሰርቨር ሁለት ድርሻ አለው፤ ለመጀመሪያው ቅጂ፣ ለመጨረሻው ደግሞ ምንጭ ነው። ሁለቱ ድርሻዎች በቀጥታ የተያያዙ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የመጨረሻው ሰርቨር የሚቀዳው የመካከለኛውን ሪሌይ ሎግ ሳይሆን ባይነሪ ሎጉን ነው። በመሆኑም አንድ ለውጥ ወደ መጨረሻው ሰርቨር መጓዝ የሚችለው መካከለኛው ለውጡን ተቀብሎ፣ ፈጽሞና በራሱ ባይነሪ ሎግ ላይ መልሶ ጽፎ ካበቃ በኋላ ነው።

ይህ መልሶ የመጻፍ ተግባር የሚወሰነው በአንድ የማዋቀሪያ ቅንብር ነው። ቅንብሩ ቀድሞ ሎግ ስሌቭ አፕዴትስ ይባል የነበረ ሲሆን፣ ከ8.0.26 ስሪት ጀምሮ ሎግ ሬፕሊካ አፕዴትስ ተብሏል። በ5.7ና ከዚያ በፊት በነበሩ ስሪቶች ቅንብሩ ከመነሻው የተዘጋ ነበር። ምክንያቱም አንድ ቅጂ ከእርሱ የሚቀዳ ሌላ ሰርቨር ከሌለው የደረሰውን ለውጥ እንደገና መጻፉ የዲስክ ቦታና ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከ8.0 ወዲህ ግን ባይነሪ ሎግም ሆነ ይህ ቅንብር ከመነሻው ክፍት ሆነዋል።

የቀድሞው አሠራር በሰንሰለት ላይ ያስከትል የነበረው ችግር ዝምታ ነው። በፋይል ስምና በቦታ ቁጥር በሚሠራው የቆየ የሬፕሊኬሽን ስልት ቅንብሩ ተዘግቶ ሰንሰለት ቢቋቋም መካከለኛው ሰርቨር ለውጦቹን በትክክል ይፈጽማል። የመጨረሻውም ከመካከለኛው ጋር ያለምንም ስሕተት ይገናኛል። ነገር ግን ከመጀመሪያው የመጣ አንድም ለውጥ ወደ መጨረሻው አይደርስም። የመጨረሻው ሰርቨር የሚጠብቀው መዝገብ ባዶ ስለሆነ በእርሱ በኩል ሲታይ ሥራው ሁሉ ተጠናቅቋል። በ5.7 ወይም ከዚያ በፊት ባሉ ስሪቶች የሚሠሩ ነባር ሥርዓቶችን የሚረከብ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊያረጋግጠው የሚገባው ይህንን ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ አሠራሮች

በተመራማሪዎች ዘንድ ሰንሰለታዊ ሬፕሊኬሽን ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው ሮበርት ቫን ሬነሰና ፍሬድ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ጥናት ነው። በዚያ ንድፍ የጽሑፍ ጥያቄ የሚገባው በሰንሰለቱ ራስ በኩል ሲሆን ለውጡ እየተላለፈ እስከ ጅራቱ ይደርሳል። ለተጠቃሚው ተፈጽሟል የሚል መልስ የሚሰጠው ለውጡ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። የንባብ ጥያቄም የሚስተናገደው በጅራቱ ነው። ስለዚህ ለተጠቃሚው ተረጋግጦ የተመለሰ ለውጥ በሁሉም ሰርቨሮች ላይ መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሚነበበውም መረጃ ምንጊዜም የመጨረሻው የተረጋገጠ መረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄፍ ቴሬስና ማይክል ፍሪድማን ይህንኑ ዋስትና ሳያፈርሱ ንባብ በማንኛውም የሰንሰለቱ አባል ላይ የሚካሄድበትን ማሻሻያ አቅርበዋል።

የማይኤስኪውኤል ሰንሰለት ቅርጹ ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም ዋስትናው የተለየ ነው። ለተጠቃሚው መልስ የሚሰጠው የመጀመሪያው ሰርቨር ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ለውጡ ወደ ሌሎቹ መድረሱን ሳይጠብቅ ነው። በ5.5 ስሪት የተጀመረው ከፊል ተጠባባቂ የሬፕሊኬሽን ስልት የመጀመሪያው ሰርቨር ቢያንስ አንድ ቀጥተኛ ቅጂ ለውጡን መቀበሉን እስኪያረጋግጥ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ይህ ማረጋገጫ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ማያያዣ ብቻ ነው፤ ከመካከለኛው ወዲያ ስላለው ሰርቨር የሚናገረው ነገር የለም። በተጨማሪም ማረጋገጫው ቀድሞ በተሰጠው የ10 ሰከንድ ገደብ ውስጥ ካልመጣ ሥርዓቱ ወደ ተለመደው የማይጠባበቅ አሠራር ይመለሳል። ስለሆነም ስለ 2004ቱ ንድፍ የተነገረውን የጥብቅ ወጥነት ዋስትና ለማይኤስኪውኤል ሰንሰለት መስጠት ስሕተት ነው።

ከፖስትግረስኪውኤል ጋር ያለው ልዩነትም ሊጤን የሚገባው ነው። ይህ ሥርዓት በሰንሰለት የመቀባበል አሠራርን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው በ9.2 ስሪት ነው። በፖስትግረስኪውኤል መካከለኛው ሰርቨር የሚያስተላልፈው ከምንጩ የተቀበለውን የለውጥ መዝገብ እንዳለ ነው፤ ለውጡን በራሱ ሠንጠረዦች ላይ እስኪፈጽም አይጠብቅም። በመሆኑም መካከለኛው በአፈጻጸም ወደ ኋላ ቢቀርም መጨረሻ ላይ ያለው ሰርቨር ከእርሱ ሊቀድም ይችላል። በማይኤስኪውኤል ግን ማስተላለፍ ከመፈጸም በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በመካከለኛው ላይ የሚፈጠር መዘግየት ሁሉ ሳይቀነስ ወደ መጨረሻው ይወርዳል።

የማቋቋም ቅደም ተከተል

የሚከተለው ቅደም ተከተል ለማይኤስኪውኤል 8.0 የተዘጋጀ ነው። ትእዛዛቱን በዝርዝር ከማስፈር ይልቅ የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት ማስረዳት ተመርጧል።

አንደኛ፣ ለሦስቱም ሰርቨሮች የተለያየ የሰርቨር መለያ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። አንድ ሰርቨር የራሱን መለያ ቁጥር የያዘ ለውጥ ሲደርሰው ከራሱ ተነሥቶ ዞሮ የመጣ እንደሆነ በመቁጠር ሳይፈጽም ያልፈዋል። ለውጦች በሰንሰለት ሲተላለፉ የሚይዙት የመነሻውን ሰርቨር ቁጥር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ዓይነት ቁጥር ቢኖራቸው የመጨረሻው የሚደርሰውን ሁሉ በዝምታ ይጥላል። ሰርቨሮቹ አንድን ቨርቹዋል ማሽን በማባዛት የተዘጋጁ ከሆነ በዳታ ማውጫው ውስጥ አውቶ በሚል ስም የሚጀምረውን የማዋቀሪያ ፋይል ከቅጂዎቹ ላይ ማጥፋት ይገባል። ሰርቨሩ ዓለም አቀፍ ልዩ መለያውን የሚያስቀምጠው በዚህ ፋይል ሲሆን፣ ፋይሉ ከሌለ በሚነሣበት ጊዜ አዲስ ይፈጥራል።

ሁለተኛ፣ በሦስቱም ላይ ባይነሪ ሎግና የዓለም አቀፍ ትራንዛክሽን መለያ፣ በምኅጻረ ቃሉ ጂቲአይዲ፣ እንዲሠሩ ይደረጋል። ጂቲአይዲ ከ5.6 ስሪት ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የተወለደበትን ሰርቨር ልዩ መለያና ተራ ቁጥሩን ይዞ በሰንሰለቱ ሁሉ ሳይለወጥ እንዲጓዝ ያደርጋል። በቆየው ስልት የአንድ ለውጥ አድራሻ የፋይል ስምና ቦታ በመሆኑ በመጀመሪያውና በመካከለኛው ሰርቨር ላይ የተለያየ ነበር። በመካከለኛው ላይ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው መልሶ የመጻፍ ቅንብር ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል። ይህ ቅንብር ሰርቨሩ ተዘግቶ ካልተነሣ በቀር ስለማይለወጥ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ የሬፕሊኬሽን ፈቃድ ብቻ ያለው የተጠቃሚ መለያ ይፈጠራል። መለያው በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ከተፈጠረ እንደማንኛውም ለውጥ ወደ መካከለኛው ይተላለፋል፤ ለመጨረሻው ሰርቨር መግቢያ ሆኖም ያገለግላል። የመጨረሻው ሰርቨር አድራሻ በመጀመሪያውም ላይ የተፈቀደ መሆን አለበት። ይህ ጥንቃቄ መካከለኛው በሚወድቅበት ጊዜ ያስፈልጋል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው ግንኙነትም በምስጠራ የተጠበቀ ሊሆን ይገባል።

አራተኛ፣ የመነሻ ቅጂ ይዘጋጃል። መጀመሪያ መካከለኛው ሰርቨር ከመጀመሪያው በተወሰደ ወጥ ቅጂ ተሞልቶ ሥራ ይጀምራል። ከምንጩ ጋር መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ የመጨረሻው ሰርቨር ቅጂ ከመካከለኛው ይወሰዳል። በዚህ መንገድ ትልቁ ቅጂ በጠባቡ መስመር ሁለት ጊዜ ከማለፍ ይድናል። ለትናንሽ የመረጃ ቋቶች የማይኤስኪውኤል ደምፕ መሣሪያ በአንድ ትራንዛክሽን የመቅዳት ምርጫው በርቶ በቂ ነው። ለትላልቆቹ ግን ከ8.0.17 ጀምሮ የሚገኘው የክሎን ተጨማሪ ክፍል ይፈጥናል። በቆየው የፋይልና የቦታ ስልት የሚሠራ ሰው ለመጨረሻው ሰርቨር የሚሰጠው የመነሻ ቦታ የመካከለኛው ባይነሪ ሎግ ቦታ እንጂ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ልብ ሊል ይገባል።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ወደ ምንጩ እንዲያመለክት ተደርጎ በራስ ሰር የቦታ ፍለጋ ምርጫ ሬፕሊኬሽኑ ይጀመራል። ወዲያውኑም መካከለኛውና የመጨረሻው ሰርቨር ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ እንኳ እንዳይጽፍባቸው ለንባብ ብቻ ክፍት ይደረጋሉ። በመካከለኛው ላይ በቀጥታ የተጻፈ አንድ ረድፍ ወደ መጨረሻው ይወርዳል፤ ወደ መጀመሪያው ግን አይመለስም። ያን ጊዜ የሰንሰለቱ አባላት የያዙት መረጃ ተለያየ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ አንድ የሙከራ ረድፍ ገብቶ በመጨረሻው ላይ መታየቱ ይረጋገጣል። የሁኔታ መግለጫዎቹ ስሕተት አለማሳየታቸው ለዚህ ሙከራ ምትክ ሊሆን አይችልም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሁለት የተለመዱ ምርጫዎች አጭር ማሳሰቢያ መስጠት ይጠቅማል። በመካከለኛው ሰርቨር ላይ አንዳንድ የመረጃ ቋቶችን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ቢቀመጥ፣ የተጣራው ነገር ከዚያ በታች ላሉት ሰርቨሮች ሁሉ የለም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መካከለኛው መረጃ ሳያከማች እንዲያስተላልፍ ብላክሆል የሚባለውን የማከማቻ ሞተር መጠቀም በቀድሞ ጽሑፎች ይመከር ነበር። ይህ ምክር ባይነሪ ሎግ የትእዛዞችን ጽሑፍ ይመዘግብ ለነበረበት ዘመን የሚሠራ ነው። ዛሬ የተለመደው አመዘጋገብ በረድፍ ሲሆን፣ በዚህ አመዘጋገብ ብላክሆል የማሻሻልና የመሰረዝ ለውጦችን ወደ ራሱ ባይነሪ ሎግ አያሳልፍም።

ዜሮ የሚያሳየው መለኪያ

አሁን በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ግማሽ ቀን ወደ ኋላ የቀረ ሰርቨር መዘግየቱ ዜሮ ነው ሊል የቻለው እንዴት ነው? በቅጂ ሰርቨር የሁኔታ መግለጫ ላይ የሚታየው ከምንጩ በስተኋላ ያለ ሰከንድ የሚባለው ቁጥር የሚሰላው አስፈጻሚው ትሬድ በዚያች ቅጽበት እየፈጸመ ባለው ለውጥ ላይ ከተመዘገበው ሰዓት ተነሥቶ ነው። ተቀባዩ በሥራ ላይ እያለ አስፈጻሚው በሪሌይ ሎጉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፈጽሞ ከጨረሰ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ከቀጥተኛ ምንጬ የተቀበልሁት ሁሉ ተፈጽሟልን የሚል ነው። ከሰንሰለቱ ራስ ስንት ሰከንድ ርቄአለሁ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። መካከለኛው መፈጸም ሲያቆም የሚያስተላልፈው ነገር አይኖርም፤ የሚፈጽመው ያጣው የመጨረሻው ሰርቨር ደግሞ ዜሮ ያሳያል።

ይህ የሚሆነው ብልሽት ሲኖር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ የመጨመር ትእዛዝ ተሰጠ እንበል፤ ትእዛዙም በእያንዳንዱ ማሽን ላይ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ከዜሮኛው ደቂቃ እስከ 30ኛው ትእዛዙ በመጀመሪያው ላይ ይሠራል። ሲጠናቀቅ በባይነሪ ሎግ ላይ ተጽፎ ወደ መካከለኛው ይሄዳል፤ ከ30ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃም በዚያ ይሠራል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያው ላይ የሚጸድቁ አዳዲስ ለውጦች በመካከለኛው ሪሌይ ሎግ ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በ59ኛው ደቂቃ የመጨረሻውን ሰርቨር የጠየቀ ሰው የ29 ደቂቃ አሮጌ መረጃ ያነባል፤ ሰርቨሩ ግን መዘግየቱን ዜሮ ይላል። በ60ኛው ደቂቃ ትእዛዙ ወደ መጨረሻው ይደርስና እስከ 90ኛው ይቆያል፤ ዜሮ የነበረውም ቁጥር በድንገት ከፍ ይላል። በ89ኛው ደቂቃ የሚነበበው መረጃ የ59 ደቂቃ ዕድሜ አለው። ሁለቱ ቅጂዎች በቀጥታ ከመጀመሪያው ቢቀዱ ኖሮ ከፍተኛው መዘግየት 30 ደቂቃ ገደማ በሆነ ነበር። በሰንሰለት ላይ የእያንዳንዱ ማያያዣ የመፈጸሚያ ጊዜ ይደመራል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ሬጅስትራሩ በዋናው ግቢ አንድ የተሳሳተ ውጤት ቢያርም የእርማቱ መዘግየት በቅርንጫፉ ግቢ ለሚታተም ትራንስክሪፕት ትርጉም አለው። የታተመ ሰነድ ተመልሶ አይታረምም። ማተሚያው ሰርቨር መረጃው አሮጌ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ኅትመቱን ማዘግየት ይቻል ነበር፤ ዜሮ በሚያሳይ መለኪያ ግን የሚያቆመው ነገር የለም።

ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው የልብ ትርታ ሠንጠረዥ የሚባለው ነው። በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ አንድ ረድፍ በየሰከንዱ የወቅቱን ሰዓት እንዲይዝ ይደረጋል። ይህ ረድፍ እንደ ማንኛውም ለውጥ በሰንሰለቱ ተጉዞ መጨረሻው ላይ ይደርሳል፤ በመጨረሻው ላይ የተገኘው ሰዓት ከአሁኑ ሰዓት ጋር ያለው ልዩነት እውነተኛው መዘግየት ነው። የፐርኮና መሣሪያዎች ስብስብ ይህን የሚያከናውን ፒቲ ሃርትቢት የተባለ ፕሮግራም ይዟል። ስሌቱ ትክክል እንዲሆን የሰርቨሮቹ ሰዓቶች ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር የተስማሙ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ከ8.0.1 ስሪት ጀምሮ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን በመነሻው ሰርቨር ላይ የጸደቀበትን ሰዓት ይዞ እንዲጓዝ መደረጉ ነው። ይህ ሰዓት በየቅጂው የአፈጻጸም መከታተያ ሠንጠረዦች ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ የተፈጸመው ትራንዛክሽን አሮጌ ሆኖ ቢገኝ በመጀመሪያው ላይ ሥራ ስለሌለ ይሁን ወይም መንገዱ ስለተዘጋ በዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። የልብ ትርታ ሠንጠረዥ ግን በየሰከንዱ ለውጥ ስለሚፈጥር ሁለቱን ይለያል። ስለሆነም ሁለቱ ዘዴዎች የሚደጋገፉ ናቸው።

ሦስተኛው የጂቲአይዲ ስብስቦችን ማነጻጸር ነው። በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ከተፈጸሙት ትራንዛክሽኖች ስብስብ ላይ በመጨረሻው የተፈጸሙት ሲቀነሱ የሚተርፈው ገና ያልደረሰው ነው። አንድ ፕሮግራም የራሱን ለውጥ በመጨረሻው ላይ ለማንበብ ሲፈልግ የለውጡ መለያ እስኪፈጸም ጠብቆ እንዲያነብ የሚያደርግ ተግባርም ከ5.7.5 ጀምሮ አለ። ለትራንስክሪፕት ማተሚያ ዓይነት ሥራዎች ይህ ተግባር ከሁሉም የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

መካከለኛው ሰርቨር ሲወድቅ

በሰንሰለት ላይ የመጀመሪያው ሰርቨር መውደቅ ከማንኛውም ሬፕሊኬሽን የተለየ ችግር የለውም። የመጨረሻው ቢወድቅም ጉዳቱ በእርሱ ተጠቃሚዎች ላይ ይወሰናል። መካከለኛው ሲወድቅ ግን ከበታቹ ያሉት ሁሉ ከለውጥ ይቋረጣሉ።

በቆየው ስልት የተቋረጡትን ሰርቨሮች ወደ መጀመሪያው ለማዛወር የመጨረሻው ለውጥ በመጀመሪያው ባይነሪ ሎግ የት ቦታ ላይ እንደሚገኝ በእጅ መፈለግ ግድ ነበር። ቦታው ወደ ኋላ ከተሳሳተ አንዳንድ ለውጦች ሁለት ጊዜ ይፈጸማሉ፤ ወደ ፊት ከተሳሳተ ደግሞ ይዘለላሉ። በጂቲአይዲ የሚሠራ ሰርቨር ግን የፈጸማቸውን መለያዎች ለአዲሱ ምንጭ ያሳውቅና የጎደለውን ብቻ ይቀበላል።

ይህ እንዲሳካ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ሊሟሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ የጎደሉት ለውጦች ገና ከመጀመሪያው ሰርቨር ባይነሪ ሎግ ያልተሰረዙ መሆናቸው ነው። በ8.0 የማቆያው ጊዜ ከመነሻው 30 ቀን ነው፤ የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ይህን ወደ ጥቂት ሰዓታት ያወረደ አስተዳዳሪ ሰንሰለቱን ለመጠገን ያለውን ጊዜም አብሮ ቀንሷል። ሁለተኛው፣ በመካከለኛው ላይ በቀጥታ የተጻፈና በእርሱ መለያ የተመዘገበ ትራንዛክሽን አለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ትራንዛክሽን ወደ መጨረሻው ወርዶ ከሆነ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ለውጥ በመጨረሻው ላይ ይቀራል። ወደፊት የመጨረሻው ሰርቨር ወደ ምንጭነት ከፍ በሚልበት ቀንም ይህ ለውጥ ወደ ሌሎቹ ሊሰራጭ ወይም ሬፕሊኬሽኑን ሊያቆም ይችላል። ሰርቨሮቹን ለንባብ ብቻ ክፍት ማድረግ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መደምደሚያ

በሰንሰለት የሚሠራ ሬፕሊኬሽን የጠባብ መስመርን ጫናና የምንጭ ሰርቨርን ድካም ይቀንሳል። በምትኩ የሚከፈለው ዋጋ የመዘግየት መደመርና በመካከለኛው ሰርቨር ላይ መመካት ነው። በማይኤስኪውኤል አሠራር መካከለኛው የሚያስተላልፈው ከፈጸመ በኋላ ብቻ ስለሆነ የእርሱ መቆም ከበታቹ ባሉት ዘንድ እንደ ጸጥታ እንጂ እንደ ስሕተት አይታይም። የእያንዳንዱ ሰርቨር የሁኔታ መግለጫ የሚናገረው ከቀጥተኛ ምንጩ ጋር ስላለው ግንኙነት ብቻ በመሆኑ ሦስት ትክክለኛ መግለጫዎች ተደምረው የተሳሳተ መደምደሚያ ሊያስይዙ ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ምክሮች ይቀርባሉ። ሰንሰለት የሚያቋቁም ባለሙያ የልብ ትርታ መለኪያን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር ሳያደርግ የመጀመሪያው የሙከራ ረድፍ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሊያስገባው ይገባል። የማስጠንቀቂያ ደወልም በየማያያዣው መዘግየት ላይ ብቻ ሳይሆን ከራስ እስከ ጅራት ባለው መዘግየት ላይ መታሰር አለበት። እንዲሁም መካከለኛው እንደወደቀ ተቆጥሮ የመጨረሻውን ሰርቨር ወደ መጀመሪያው የማዛወር ልምምድ ሰንሰለቱ ለተጠቃሚዎች ከመከፈቱ በፊት መደረግ ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ መዘግየትን የተነተነው አንድ ትልቅ ትእዛዝ ሌሎቹን በሚያስቆምበት ሁኔታ ነው። በርካታ አስፈጻሚ ትሬዶች ጎን ለጎን በሚሠሩበት ጊዜ የትናንሽ ትራንዛክሽኖች መዘግየት ከማያያዣ ወደ ማያያዣ እንዴት እንደሚያድግ በሙከራ መለካት ለቀጣይ ጥናት የሚቀር ሥራ ነው። ለዚህም ጥናት ቢሆን መለኪያው መቆም ያለበት በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ ነው።